ወደ ከተማ ከመግባታችን በፊት በደብተር እንመዝነው

ደብተርና እርሳሳችሁን ይዛችኋል? ዛሬ ፊደል አንቆጥርም። የተማርነውን ጽሕፈትና ሒሳብ ለአንድ ከባድ ጉዳይ እናውለዋለን። ጉዳዩም እርሻን ትቶ ወደ መካከለኛ ከተማ መግባት ነው።

ለምሳሌ ደብረ ብርሃንን እንውሰድ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በብርድ ልብስ ሥራዋ የታወቀች፣ ፋብሪካዎችና ዩኒቨርሲቲ ያሏት ከተማ ነች። ለሰሜን ሸዋ ገበሬ ደግሞ ከአዲስ አበባ ይልቅ ለዘመድ ትቀርባለች። ታዲያ እንሂድ ወይስ እንቅር?

እስቲ በገጹ መካከል ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር አስምሩ። በአንዱ በኩል «የማገኘው»፣ በሌላው በኩል «የማጣው» ብላችሁ ጻፉ። ባልና ሚስት አብራችሁ ጻፉ እንጂ አንዱ ለብቻው አይጻፍ።

የምናገኘው ብዙ ነው። የወር ደመወዝ አለ፤ ልጆች ከስምንተኛ ክፍል በኋላ የሚቀጥሉበት ትምህርት ቤት በቅርብ አለ፤ ሆስፒታልም አለ።

የምናጣውን ስንጽፍ ግን ብዙውን እንዘነጋለን። ለምን ቢባል፣ በመንደራችን በገንዘብ ስለማንገዛው ነው። ገብሱ ከጎተራ ይወጣል፤ ኩበቱ ከደጅ ይነሳል፤ ሕፃኑን አያቱ ትይዛለች። ከተማ ሲገባ ይህ ሁሉ በብር ነው። የቆላ ሰው ከሆናችሁ የጋቢ ዋጋም ጨምሩበት፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናትና ብርዷ አይቻልም!

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ከወር ደመወዙ ላይ የቤት ኪራይ፣ እህል፣ ማገዶ፣ ውሃና መጓጓዣ ቀንሱ። ከእርሻውም በዓመት ሸጣችሁ ካገኛችሁት ላይ የማዳበሪያና የዘር ወጪ ቀንሱና የተረፈውን ለ12 አካፍሉ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስተያዩ። በብር የማይቆጠረውን፣ ዕድሩን፣ ደቦውን፣ ጧሪ የሌላቸውን ወላጆች፣ ከሥሩ ጻፉት።

ሚዛኑ ወደ ከተማው አደላ እንበል። ያኔም ቢሆን አትቸኩሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለአዲስ ሠራተኛ እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለሥራው አይሆንም የተባለ ሰው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። እንግዲያው አንዳችሁ ቀድማችሁ ሞክሩት። ያ ጊዜ ሳያልፍ በሬዎቹን ለገበያ አታውጡ፤ የተሸጠ በሬ በቀላሉ አይመለስም።

መሬቱስ? በ1987 ዓ.ም. በጸናው ሕገ መንግሥት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ማከራየት ግን ይቻላል። ውሉ በቃል አይሁን፤ ይጻፍ፣ በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤትም ይመዝገብ። ዘመኑ ስንት ዓመት እንደሆነ፣ ኪራዩ ስንት ብር እንደሆነ ራሳችሁ አንብቡ። ትናንት ሌላው ያነበበላችሁን በጣት አሻራ ታጸኑ ነበር፤ ዛሬ ግን አንብባችሁ ትፈርማላችሁ። የሥራ ውሉንም እንዲሁ።

ሚዛኑ ወደ መንደሩ ካደላም ማፈር የለም። መዝኖ የቀረ ሰው ከፈራ ሰው አይቆጠርም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለ? እናንተ ተቀምጣችሁ ታጠቁ።

በሉ፣ ገጹን ዛሬ ማታ ሙሉት። ደህና ሁኑ።