ከጎንደር ውጭ ስላሉት ግንቦች
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



የጎንደርን አብያተ መንግሥት ያላየ መሐንዲስ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ጎብኚው አብዛኛውን ጊዜ የፋሲልን ግቢ ዞሮ ይመለሳል እንጂ፣ በዙሪያው ገጠር የቆሙትን ግንቦች አያያቸውም።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ እንፍራዝ አጠገብ፣ ጣናን ቁልቁል ከሚያይ ኮረብታ ላይ ጉዛራ ይገኛል። ትውፊት ሕንፃውን ለዐፄ ሠርፀ ድንግል (እ.ኤ.አ. 1563–1597) ይሰጠዋል። ይህ ከሆነ ጉዛራ ከፋሲል ግንብ ይቀድማል ማለት ነው። ነገር ግን ድንጋዩ የተያያዘው በኖራ ነው፤ ኖራ ለግንባታ መዋል የጀመረው ደግሞ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1620ዎቹ ገደማ እንደ ሆነ ይነገራል። ስለዚህም አንዳንድ ሊቃውንት የሕንፃውን ዕድሜ ይጠራጠራሉ።

ክርክሩ መሐንዲስን በቀጥታ ይመለከታል። የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቃጠል የያዘውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ በውኃ ተፈትቶ ከአሸዋ ጋር ከተለወሰ በኋላ ግን ያንኑ ጋዝ ከአየር መልሶ እየሳበ ይጠነክራል። እንግዲህ ግንበኛው በሠራበት ዓመት የነበረው አየር ከግድግዳው ውስጥ ታስሮ ይኖራል፤ በካርቦን ምርመራም ዕድሜው ሊገመት ይችላል። ሥራው ቀላል አይደለም፤ ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ ስባሪ ከተቀላቀለ ውጤቱን ያሳስታል። ሆኖም የድሮው ኖራ ተፍቆ በሲሚንቶ ሲተካ ማስረጃው አብሮ ይጠረጋል። ጉዳቱም በዚህ አያበቃም፤ ሲሚንቶ ከኖራ ይልቅ ድርቅ ያለና እርጥበት የማያሳልፍ በመሆኑ፣ ከግድግዳው የገባው ውኃ መውጫ አጥቶ የድንጋዩን ፊት ይልጠዋል። ጥገናው ለዓይን ያማረ በመሰለበት ዓመት ጥፋቱ ይጀምራል።

የሱስንዮስ መቀመጫ ከነበረችው ከደንቀዝ የቀረው ፍርስራሽ ነው፤ ይህም ቢሆን መንገዱን ለደፈረ አያሳፍርም።

ጎርጎራ ግን አንድ ሙሉ ቀን ይገባታል። ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ትገኛለች። የኢየሱሳውያኑ መምህር ፔድሮ ፓኤዝ በ1622 ያረፈው በዚሁ አገር ነው። ከእርሱ ሞት በኋላ በባሕሩ ዳር የተሠራው የማርያም ግንብ፣ በድንጋዩ ላይ ከተቀረጸው ጌጥ ጋር ክፉኛ ተጎድቷል፤ ጣሪያው ከተከፈተ ወዲህ ዝናቡ ከግድግዳው አናት ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ የዛፍ ሥርም ድንጋዩን ይፈለቅቃል። ከዚህ ግንብ ብዙም ሳይርቅ፣ በሥዕሎቿ የታወቀችው ደብረ ሲና ማርያም አለች። እርሷ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራች፣ ክዳኗም ሣር የሆነ ክብ ቤተ ክርስቲያን ስትሆን፣ ምእመናኑ ሣሩ ባረጀ ቁጥር እያደሱ እስከ ዛሬ ይቀድሱባታል።