ቅቤ፣ ዘይትና የሕዋስ ሽፋን
(ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በጭሮ ጧት ረግቶ የገዛነው ቅቤ ሚኤሶ ቆላ ስንደርስ ይቀልጣል፤ የኑግ ዘይት ግን በሁለቱም ቦታ ፈሳሽ ነው። ምክንያቱ የስቡ ቅርጽ ነው። የቅቤው ሰንሰለቶች በአብዛኛው ቀጥ ያሉ ስለ ሆኑ ተጠጋግተው ይረጋሉ፤ የኑጉ ግን ጎባጣ ናቸውና መጠጋት አይሆንላቸውም።

እያንዳንዱ ሕዋሳችን የተከበበው ሁለቱም ዓይነት ሰንሰለት በተቀላቀለበት፣ ባለ ሁለት ረድፍ ስብ ነው፤ ውፍረቱም ከአንድ ሚሊሜትር 200,000ኛው እጅ ያህል ነው። ሲንገርና ኒኮልሰን እ.ኤ.አ. በ1972 እንደ ገለጹት፣ ይህ ሽፋን ፕሮቲኖች የሚንሳፈፉበት ፈሳሽ እንጂ የድንጋይ ግንብ አይደለም። ከመጠን በላይ ቢረጋ ሥራው ይቆማል፤ ከመጠን በላይ ቢላላ ያፈስሳል። ስለዚህ ብዙ ዕፀዋት ብርድ ሲመጣ ጎባጣውን ሰንሰለት ያበዛሉ። በእኛ ሰውነት ደግሞ ኮሌስትሮል የላላውን ያጠብቃል፣ የጠበቀውን ያላላል።

ማሽላችን ብርድ ሲመታው ከሚጎዳበት አንዱ ይኸው ሽፋን ነው። ይህን ለፈተና ሸምድደን ብንረሳው የሐረርጌ ገበሬ ምን ይጠቀማል? ብርድ የሚችል ዘር እንፈልጋለን ካልን፣ ሽፋኑንም እንመርምር።