ጨው ስንት ጊዜ ነው የሚገባው?

(ድምፅ፦ የሽሮ ሜዳ ገበያ ግርግር፤ ቀስ እያለ ይቀንሳል)

አቅራቢ፦ ደም ግፊትን ያለ መድኃኒት ማውረድ ይቻላል? እንደ ግፊቱ መጠን ነው። ገና የጀመረ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ማውረዱ የሚጀመረው ከጓዳው ጨው ነው።

እዚሁ ጉለሌ የሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2015 እ.ኤ.አ. ባካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ አዋቂ ሰው በአማካይ በቀን 8.3 ግራም ጨው እንደሚወስድ ተገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም።

ጨዉ ከየት መጣ? በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል። ሽሮውም ጨው ተደርጎበት ይፈጫል። ከዚያ ድስቱ ተጥዶ፣ «እስኪ ቅመሺው» ይባልና እንደገና ይነሰነሳል። እኔን ብትጠይቁኝ፣ በርበሬውንም ሽሮውንም ያለ ጨው አስፈጭቶ ድስቱ ላይ ብቻ፣ በማንኪያ ለክቶ መጨመር ይሻላል።

እንቅስቃሴ? በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል። የእንጦጦ ዳገት ግን ለጀማሪ አይደለም፤ ሜዳው ላይ ጀምሩ። ክብደትና መጠጥ መቀነስም ግፊትን ያወርዳል። ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራው ብሉ፣ ክፋት የለውም፤ የክኒን ምትክ ግን አይደሉም።

ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም፤ ሳያማችሁም ተለኩ። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ይያችሁ። ክኒን የጀመራችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ። ከ180 በ120 አልፎ ደረት ከወጋ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም አንደበት ከተያዘ፣ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

(ሙዚቃ)