መሰላሉን ስለሚወጡ ወጣቶች

በአሜሪካ አገር እጅግ ስለሚወደደው ስለ ቤዝቦል ጨዋታ ወሬ ስትሰሙ፥ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገራችሁ በሚሊዮን የሚቈጠር ዶላር ስለሚከፈላቸውና ስማቸው ስለ ገነነ ተጫዋቾች ነው። እኛ ግን ዛሬ ልናነሣ ያሰብነው ስማቸው ገና ስላልተሰማ፥ ከታች ጀምረው ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ስለሚወጡ፥ ለመውጣትም ደክመው በመካከል ስለሚቀሩ ወጣቶች ነው። በዚህ ንግግር ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውሳለን።

ጨዋታውን ላላየ ሰው በአጭሩ ለመግለጥ ያህል፥ የአንዱ ወገን ሰው ትንሽና ጠንካራ ኳስ ይወረውራል፤ የሌላው ወገን ሰው በዱላ ሊመታት ይሞክራል፤ አጥርቶ የመታት እንደ ሆነ በአራት ማዕዘን የተቀመጡትን ማረፊያዎች ዞሮ ወደ ተነሣበት ለመመለስ ይሮጣል። ኳሷ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ በሆነ ፍጥነት ትመጣለች፤ አንዳንድ ጊዜም ልትደርስ ስትል መንገዷን ትለውጣለች። ስለዚህ ከአሥር ጊዜ ሦስቱን አጥርቶ የመታ ሰው እንደ ታላቅ መቺ ይቈጠራል። ከአሥር ሰባቱን ጊዜ ስቶ የሚመሰገን ሠራተኛ በሌላ ሙያ ማግኘት ያስቸግራል።

በላይኛው ሊግ 30 ክለቦች አሉ። እያንዳንዱም ክለብ ከዋናው ቡድን በታች በአራት ደረጃ የተከፈሉ አራት ቡድኖች አሉት፤ ስማቸውም ከታች ወደ ላይ ሲቈጠር ሲንግል ኤ፥ ሃይ ኤ፥ ደብል ኤ፥ ትሪፕል ኤ ይባላል። ከነዚህም በታች በፍሎሪዳ፥ በአሪዞናና በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ለጀማሪዎች ብቻ የተዘጋጁ ሊጎች ይገኛሉ። ነገሩ በአገራችን የቤተ ክህነት ተማሪ ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፥ ከዜማ ቤትም ወደ ቅኔ ቤት ከሚያልፍበት ሥርዓት ጋር በጥቂቱ ይመሳሰላል። ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም። የቅኔው ተማሪ ትምህርቱን ካደላደለ ወደሚቀጥለው ለማለፍ የሌላውን መነሣት አይጠብቅም፤ የቤዝቦሉ ወጣት ግን ከላይ ያለው ስፍራ ካልተለቀቀለት፥ ምንም ያህል ቢበረታ፥ ካለበት አይነቃነቅም።

እስቲ ቊጥሩን እናስላው። በአንድ ዋና ቡድን የሚሰለፉት 26 ሰዎች ናቸው፤ ይህ በ30 ሲባዛ 780 ስፍራ ይሆናል። ክለቦቹ በየዓመቱ በሚያደርጉት ምርጫ ደግሞ በ20 ዙር እየተፈራረቁ፥ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና ከዩኒቨርሲቲዎች ከ600 የሚበልጡ ወጣቶችን ይመርጣሉ። ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ፥ ከቬኔዙዌላና ከሌሎችም አገሮች 16 ዓመት ሲሞላቸው የሚፈርሙት ልጆች ከዚህ ቊጥር ውጭ ናቸው። እንግዲህ 780 ወንበር ላለበት ቤት በየዓመቱ ይህን ያህል አዲስ እንግዳ ይጠራል፤ አስቀድመው የተቀመጡትም በፈቃዳቸው አይነሡም።

ይህን ሥርዓት ያደራጀው ብራንች ሪኪ የተባለ ሰው ነው። በ1920ዎቹ ዓመታት የሴይንት ሉዊስ ካርዲናልስ ክለብ ኃላፊ ነበር። ክለቡ ድኻ ስለ ነበረ፥ በትንንሽ ከተሞች አንድ ጥሩ ተጫዋች በታየ ቊጥር ሀብታሞቹ ክለቦች በገንዘብ እየቀደሙ ይወስዱበት ነበር። ስለዚህ የበሰለውን ከመግዛት ዘርቶ ማብቀል ይሻላል ብሎ አሰበና የየትንንሹን ከተማ ቡድን እየገዛ በክለቡ ሥር አደረገ። አሜሪካኖችም ነገሩን «እርሻ» አሉት፤ እስከ ዛሬም ድረስ የታችኞቹ ቡድኖች የእርሻ ቡድኖች ይባላሉ። ስሙ ለነገሩ የተገባ ነው። ገበሬ ዘር ሲበትን የትኛዋ ቅንጣት እንደምታፈራ አያውቅምና አብዝቶ ይዘራል፤ ሪኪም አብዝቶ ዘራ። ካርዲናልስ በ1926 የአገሩ ሻምፒዮና ሆነ፤ ሌሎቹም ክለቦች ይህን ዐይተው ተከተሉት። በ1938 የጨዋታው የበላይ ዳኛ የነበረው ኬኔሶ ላንዲስ፥ ካርዲናልስ በየእርሻው ካስቀመጣቸው ተጫዋቾች ከ70 የሚበልጡት ነጻ እንዲወጡ ፈረደ። ለነዚህ መልካም አደረገ፤ ነገር ግን ይኸው ዳኛ እስከ ሞተበት እስከ 1944 ድረስ ጥቁሮች ከታችም ከላይም ካሉት የነጮች ሊጎች ተከልክለው ኖሩ።

ያን በር የከፈተውም ራሱ ሪኪ ነው። ወደ ብሩክሊን ክለብ ከተዛወረ በኋላ ጃኪ ሮቢንሰን የተባለውን ጥቁር ተጫዋች አስፈርሞ በ1946 መጀመሪያ ወደ ሞንትሪያል የእርሻ ቡድን ላከው። ሮቢንሰን በጀርሲ ሲቲ ባደረገው በመጀመሪያው ጨዋታ አራት ጊዜ አጥርቶ መታ፤ ከነዚያም አንዷን ከአጥር በላይ ሰደዳት። ኤፕሪል 15 ቀን 1947 በብሩክሊን ዋና ቡድን ተሰለፈ። በዚያች በአንዲት የሞንትሪያል ዓመት የተፈተነው ተጫዋቹ ሳይሆን አገሩ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም።

የመሰላሉን ጠባይ ከማናቸውም ይልቅ አጒልቶ የሚያሳየው ግን በ1981 በፓውተኬት የተደረገው ጨዋታ ነው። ፓውተኬት በሮድ አይላንድ የምትገኝ የፋብሪካ ከተማ ስትሆን፥ በዚያን ጊዜ የቦስተን ክለብ የትሪፕል ኤ ቡድን መቀመጫ ነበረች። ኤፕሪል 18 ቀን፥ በምዕራባውያን የፋሲካ ዋዜማ ማታ፥ ከባልቲሞር ክለብ በታች ካለው ከሮቼስተር ቡድን ጋር ጨዋታ ገጠመች። የቤዝቦል ጨዋታ የሚፈጸመው በ9 ዙር ነው፤ እኩል የሆኑ እንደ ሆነ ግን አንዱ እስኪበልጥ ድረስ ይቀጥላል። በዘጠነኛው ዙር 1 ለ 1 ሆኑ። በ21ኛው ዙር ሮቼስተር አንድ ጨመረ፤ ወዲያውም ዌድ ቦግስ የተባለው የፓውተኬት ወጣት መትቶ እንደገና እኩል አደረጋቸው። ሌሊቱ እጅግ ቀዘቀዘ፤ ተጫዋቾቹም የተሰባበሩ ዱላዎችን እያነደዱ ይሞቁ ጀመር። ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ጨዋታው ይቋረጥ የሚለው አንቀጽ ዳኞቹ በያዙት የደንብ መጽሐፍ ውስጥ ስላልነበረ፥ የሊጉ ፕሬዚዳንት በስልክ ተገኝቶ እስኪያዝ ድረስ አቁሙ ለማለት የደፈረ ሰው አልነበረም። 32 ዙር ተጫውተው ሲያቆሙ ከሌሊቱ 10 ሰዓት አልፎ ነበር፤ በስታዲዮሙም ውስጥ የቀሩት ተመልካቾች 19 ብቻ ነበሩ።

ጨዋታው ጁን 23 ቀን ካቆመበት ቀጠለ። በዚያ ወር የላይኛው ሊግ ተጫዋቾች ሥራ የማቆም አድማ አድርገው ስለ ነበር፥ ሌላ የሚጻፍ ነገር ያጡት ጋዜጠኞች ሁሉ ወደዚያች ትንሽ ከተማ ጐረፉ፤ ተመልካቹም ከ5,000 በላይ ሆነ። ነገሩ ግን በ18 ደቂቃ አለቀ። በ33ኛው ዙር ዴቭ ኮዛ የተባለው የፓውተኬት ተጫዋች መታ፤ ጓደኛው ሮጦ ገባ፤ ፓውተኬትም 3 ለ 2 አሸነፈች። በሙያው ከሚታወቁት ጨዋታዎች ሁሉ ረጅሙ ይህ ነው።

አሁን፥ አንባቢ ሆይ፥ በዚያች ሌሊት በአንድ ሜዳ ላይ ብርድ የመታቸውን ሦስት ሰዎች ተመልከት። በሮቼስተር ወገን የተሰለፈው ካል ሪፕከን በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ወደ ባልቲሞር ዋና ቡድን ወጣ፤ በኋላም አንድ ቀን ሳይቀር በ2,632 ተከታታይ ጨዋታዎች ላይ በመሰለፍ እስከ ዛሬ ያልተሻረ ታሪክ አቆመ። ዌድ ቦግስ በ1982 ወደ ቦስተን ወጥቶ በዘመኑ ከነበሩት መቺዎች የላቀ ሆነ። ሁለቱም ዛሬ በኩፐርስታውን ከተማ በሚገኘው የታላላቅ ተጫዋቾች መታሰቢያ ቤት ስማቸው ተቀርጿል። ጨዋታውን በዱላው የፈጸመው ዴቭ ኮዛ ግን ለአንዲት ቀን እንኳ ወደ ላይኛው ሊግ አልወጣም።

ይህን ስንሰማ ቶሎ የሚመጣብን አሳብ «እንግዲህ ሁለቱ የተሻሉ ነበሩ» የሚል ነው። ይህም በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን የቦግስን መንገድ በቅርብ የመረመርን እንደ ሆነ ሌላ ነገር እናገኛለን። ቦግስ በ1976 ተመርጦ ስድስት ዓመት በእርሻ ቡድኖች ውስጥ ሠራ፤ ዓመት ከዓመት አጥርቶ እየመታ አለፈ፤ ሆኖም የሚጫወትበትን ስፍራ በቦስተን ሌላ ሰው ይዞት ነበር። በ1982 ወደ ላይ ከወጣም በኋላ ዘወትር ለመሰለፍ ዕድል ያገኘው ባለስፍራው ካርኒ ላንስፎርድ ቊርጭምጭሚቱ ላይ ስለ ተጐዳ ነው። ያ ጉዳት ባይደርስ ኖሮ ቦግስ ስንት ጊዜ ይጠብቅ እንደ ነበር አስቡት። የአንዱ መውጣት በሌላው መውደቅ ላይ በተንጠለጠለበት ስፍራ ችሎታን ከዕድል ለይቶ መመዘን ከባድ ነው።

ክለቦቹም ሁሉን በእኩል ትዕግሥት አይጠብቁም። ሲፈርም ብዙ ገንዘብ የተሰጠው ወጣት ቢሳነው ይታገሡታል፤ ገንዘባቸው ነውና። በጥቂት ዶላር የፈረመው ግን አንድ የጨዋታ ወራት ቢከፋበት አሠልጣኙ ወደ ቢሮው ይጠራዋል፤ በዚያች ክፍል የሚነገረው ቃል ወይ «ነገ ወደ ላይ ትወጣለህ» ወይም «ዕቃህን ሰብስብ» ነው። እርግጥ ነው፤ ይህን ልማድ ያፈረሱ አልጠፉም። ማይክ ፒያሳ በ1988 ሲመረጥ ተራው 1,390ኛ ነበር፤ ያውም የተመረጠው የሎስ አንጀለሱ አሠልጣኝ የአባቱ ወዳጅ ስለ ነበረ ነው ይባላል። እርሱም ከምርጥ ቀላቢዎች አንዱ ሆኖ በ2016 ወደ መታሰቢያው ቤት ገባ። ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የመጣው ሁዋን ሶቶ ደግሞ የ2018ን የጨዋታ ወራት በሲንግል ኤ ጀምሮ ሦስቱን ደረጃዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዘለለና፥ በሜይ ወር በ19 ዓመቱ በዋሽንግተን ዋና ቡድን ተሰለፈ። ጋዜጦች የሚወዱት እንዲህ ያለውን ታሪክ ነው። እኔ ግን ደረጃው ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ለሚጠይቀኝ ሰው የማይክል ጆርዳንን ነገር ማስታወስ እመርጣለሁ። በቅርጫት ኳስ ወደር ያልነበረው ይህ ሰው በ1994 ለበርሚንግሃም የደብል ኤ ቡድን በ127 ጨዋታዎች ተሰልፎ፥ ከአሥር ጊዜ አጥርቶ የመታው ሁለቱን ያህል ብቻ ነበር። እንግዲህ ስማቸው የማይታወቅ የደብል ኤ ልጆች በየቀኑ የሚሠሩት ሥራ ይህን የመሰለ ነው።

ወደ ደመወዛቸው እንመለስ፤ ብዙው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነውና። እስከ 2020 ድረስ በታችኞቹ የኤ ደረጃዎች ለሚጫወት ወጣት የሚከፈለው ዝቅተኛ ደመወዝ በሳምንት 290 ዶላር፥ ለትሪፕል ኤ ተጫዋችም 502 ዶላር ነበር። ይህም በጨዋታው ወራት ብቻ ነው፤ ከጨዋታው ወራት በፊት ለሚደረገው ልምምድ ደመወዝ አይታሰብም ነበር። ስለዚህ በአንድ ጠባብ ቤት ውስጥ ብዙ ሆነው መሬት ላይ የሚያድሩ፥ ክረምት ሲመጣ በመጋዘንና በሱቅ የሚሠሩ ተጫዋቾች ብዙ ነበሩ። ክለቦቹ የሚሰጡት ምክንያት እነዚህ ወጣቶች ሙያ ተማሪዎች እንጂ ሠራተኞች አይደሉም የሚል ነው። በማርች 2018 የወጣውም ሕግ፥ ክለቦቹ በጨዋታው ወራት የ40 ሰዓት ሳምንትን ዝቅተኛ ደመወዝ ከከፈሉ ሌላ እንዳይጠየቁ አደረገ። በእኔ አስተያየት ግን ይህ ምክንያት ብዙ አያስኬድም። ከአንጥረኛ ቤት ገብቶ ወናፍ የሚያናፋ ልጅ ተማሪ ነው ቢባል ያስማማ ይሆናል፤ ሕዝብ የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ የሚያየው ሰው ግን በሥራ ላይ ያለ ሰው ነው። በዚህም ላይ ሪፕከን ጥሩ ኳስ መትቶ እንዲለማመድ፥ ኳሷን የሚወረውርለት፥ ከላይኛው ሊግም ፈጽሞ የማይደርስ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው በራሱ ድካም የሌላውን ሰው መሰላል ተሸክሟል።

ተጫዋቾቹ በ2014 የመሠረቱት የደመወዝ ክርክር በ2022 በ185 ሚሊዮን ዶላር ዕርቅ አለቀ። በዚያው ዓመት ክለቦቹ ለብዙዎቹ የእርሻ ተጫዋቾች መኖሪያ ቤት ማዘጋጀት ጀመሩ፤ በሴፕቴምበርም ተጫዋቾቹ በላይኞቹ ማኅበር ሥር ተደራጁ። በ2023 በተፈረመው የመጀመሪያ ውል መሠረት የሲንግል ኤ ተጫዋች ዝቅተኛ የዓመት ደመወዝ ከ11,000 ወደ 26,200 ዶላር፥ የትሪፕል ኤውም ከ17,500 ወደ 35,800 ዶላር ከፍ አለ። በዚያው ዓመት የላይኛው ሊግ ዝቅተኛ ደመወዝ 720,000 ዶላር ነበር። በመጨረሻውና በመጀመሪያው ደረጃ መካከል ያለችው አንዲት እርምጃ ሃያ እጥፍ ታወጣለች ማለት ነው። እርሻውም ጠብቧል፤ በ2021 ከክለቦቹ ጋር የተሳሰሩት የታች ቡድኖች ከ160 ወደ 120 ወርደው አርባ ያህል ቡድኖች ከመሰላሉ ወጡ፤ ያ ረጅም ጨዋታ የተደረገባት ፓውተኬትም በዚያው ዓመት ቡድኗ ወደ ዉስተር ተዛውሮባታል።

እንግዲህ በየዓመቱ በጁላይ ወር፥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ገና የፈጸመ የ18 ዓመት ልጅና ወላጆቹ ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። ልጁ ተመርጧል። ቢፈርም ወዲያው ገንዘብ ይቀበላል፤ ጉዞውንም በፍሎሪዳ ወይም በአሪዞና ፀሐይ ይጀምራል። ባይፈርምና የአራት ዓመት ትምህርት ወደሚሰጥ ዩኒቨርሲቲ ቢገባ ሦስት ዓመት እስኪፈጽም ወይም 21 ዓመት እስኪሞላው ሊመረጥ አይችልም፤ በዚያ መካከል ክንዱ ቢጐዳ የዛሬው ዋጋ አይመለስም። ዐዋቂ የሆኑ ወላጆች ከፊርማው ገንዘብ አስቀድመው የሚጠይቁት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ልጁ ከጨዋታው ሲሰናበት ለዩኒቨርሲቲ የሚሆነው ገንዘብ በውሉ ውስጥ እንዲጻፍለት ነው። ይህን ሁሉ አመዛዝነው እንዲወስኑ የሚሰጣቸው ጊዜ ሁለት ሳምንት ያህል ነው።