ስለ ቻይና የኢኮኖሚ መርሕና የውጭ ግንኙነት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



የመረጥነው ርእስ የሩቅ አገር ነገር መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በባቡር ለሚሄድ ሁሉ ቅርብ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቻይና ከ1959 እስከ 1961 ድረስ በታላቅ ረኃብ በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ አልቆባታል። ሹማምንቱ ያልተገኘውን እህል እንደ ተገኘ አድርገው ስላስታወቁ፥ መንግሥት ከገበሬው ጎተራ ከሚገባው በላይ ወሰደ። ሐሰተኛ ቍጥር ሰው እንደሚገድል ከዚህ እንማራለን።

ከ1978 ጀምሮ ግን በዴንግ ሢያኦፒንግ ዘመን መርሑ ተለወጠ። መሬቱ የጋራ እንደ ሆነ ቀርቶ፥ እያንዳንዱ ቤተሰብ ድርሻውን በውል እየያዘ እንዲያርስ፥ ለመንግሥት የሚገባውን ከሰጠ በኋላ የተረፈውን እንዲሸጥ ተፈቀደለት። በ1980 ደግሞ ሼንዠንን በመሰሉ ጥቂት ከተሞች የውጭ አገር ባለሀብቶች ፋብሪካ የሚያቋቁሙባቸው ልዩ ቀጠናዎች ተከፈቱ። አዲሱ ነገር በጥቂት ቦታ እየተፈተነ ወደ ሌላው ተስፋፋ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው። ቻይና በ2001 የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ሆነች፤ በ2010 ጃፓንን አልፋ በኢኮኖሚ ከአሜሪካ ቀጥላ ሁለተኛ ሆነች። የዓለም ባንክ እንደሚለው በ40 ዓመት ውስጥ ወደ 800 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከከፋ ድህነት ወጥቷል። ሆኖም የከተሞቿ አየር ተበክሏል፤ የከተሜውና የባላገሩ ኑሮም እጅግ ተራርቋል።

ወደ ውጭ ግንኙነቷ ስንመለስ፥ ቻይና ራሷ ድኻ ሳለች ከ1970 እስከ 1975 ድረስ ታንዛንያንና ዛምቢያን የሚያገናኝ የባቡር ሐዲድ ያለ ወለድ በሆነ ብድር ሠርታለች። ከአገራችን ጋር የዲፕሎማሲ ግንኙነት የጀመረችው በ1970 ሲሆን፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1971 ቤይጂንግን ጐብኝተዋል። ከ2013 ወዲህ ግን በየአገሩ መንገድና ወደብ የምታሠራው በታላቅ ዕቅድና በብዙ ብድር ነው። በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ ጅቡቲ ሐዲድም አብዛኛው ገንዘቡ የተገኘው ከቻይና ባንክ ነው።

አንዳንዶች ይህ ብድር ወጥመድ ነው ይላሉ፤ ሌሎች የወዳጅ ስጦታ ያስመስሉታል። እኛ ግን ገና ተማሪዎች ብንሆንም፥ ብድር ብድር ነው እንላለን። ስሪ ላንካ በ2017 የሐምባንቶታን ወደብ ለ99 ዓመት ለቻይና ኩባንያ አከራይታለች። የእኛም የባቡር ዕዳ የመክፈያ ጊዜ በ2018 ከ10 ዓመት ወደ 30 ዓመት ተራዝሟል። ይህ ማለት ከፋዮቹ ዛሬ በዚህ አዳራሽ የተቀመጥነው ልጆች ነን ማለት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ባቡሩ ከጅቡቲ መኪናና ጨርቅ ጭኖ ሲመጣ፥ ሲወርድ ባዶውን ከወረደ ዕዳው ከየት ይከፈላል? ቡናውና ሰሊጡ ብቻ አይበቃም፤ በፋብሪካ የተሠራ ዕቃ መጨመር አለበት። ቻይናም ያደገችው ከእንግዳው ፋብሪካ ሥራውን ተምራ የራሷን በመሥራቷ ነው። ሐዲዳችንን ለስድስት ዓመት የቻይና ኩባንያዎች ሲያስተዳድሩት ቆይተው፥ ከ2024 ወዲህ ሥራው በኢትዮጵያውያንና በጅቡቲያውያን እጅ ገብቷል፤ ይህ መልካም ጅምር ነው።

ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፥ መሐንዲስም ሆነ ነጋዴ ወይም የሕግ ዐዋቂ ለመሆን የምታስቡ ሁሉ፥ ውልን አንብቦ መረዳትንና ቍጥርን በእውነት መጻፍን ከአሁኑ እንልመድ። ወላጆቻችንም የጀመርነውን እንድንፈጽም አበርቱን።