ስለ ምርቃት፤ የተማረ ልጅ ለቤቱና ለአገሩ ስላለበት ዕዳ



ኢዮቤልዩ ማለት በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 25 እንደ ተጻፈው ሃምሳኛው ዓመት ነው፤ ቀንደ መለከት የሚነፋበት፣ የተሸጠ ርስት ወደ ባለርስቱ የሚመለስበት፣ ባሪያ ሆኖ የኖረ ሰው ነፃ ወጥቶ ወደ ዘመዶቹ የሚገባበት ዓመት ነው። ስለዚህ በኢዮቤልዩ በዓል ስለ ዕዳ መነጋገር የተገባ ነው። ነገር ግን የሚሰረዝ ዕዳ እንዳለ ሁሉ፣ ሰው በደስታ ተቀብሎ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ሊከፍለው የሚገባ ዕዳም አለ። ይኸውም የተማረ ልጅ ዕዳ ነው። የዚህም ንግግር ነገር በየዓመቱ ክረምት ሲገባ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ቤቶች ስለሚደረገው የምርቃት ግብዣ፣ ይልቁንም ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ስለሚቀረው ነገር ነው።

ንፋስ ስልክ የሚለው ስም ሽቦ ሳይዘረጋለት ቃል ከሚያስተላልፈው ጣቢያ የመጣ ነው፤ የቀድሞ ሰዎች ያንን መሣሪያ የነፋስ ስልክ ይሉት ነበርና። ዛሬ በመካኒሳ፣ በጎፋ፣ በላፍቶ፣ በለቡና በጀሞ የሚኖር ወላጅ የዚህ ስም ትርጓሜ የሚገባው ልጁን ወደ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ በላከ ጊዜ ነው። ምደባው ወደ ጐንደር ወይም ወደ ጅማ፣ ወደ አርባ ምንጭ ወይም ወደ ሐረማያ ይሆናልና፤ እናት አራትና አምስት ዓመት ሙሉ የልጇን ድምፅ በስልክ ብቻ እየሰማች፣ «በልተሃል ወይ? ብርዱስ እንዴት ነው?» እያለች ትኖራለች።

የምርቃቱ ቀን በደረሰ ጊዜ ግን ያ ከሩቅ ይሰማ የነበረው ልጅ በአካል ከደጅ ይቆማል። ከእድር ድንኳንና ወንበር፣ ትልልቅ ድስትም ይመጣል፤ ቄጤማ ይጐዘጐዛል፤ ድፎ ዳቦ ይቈረሳል፤ ፈንዲሻ ይበተናል፤ ቡና ይፈላል። ልጁ ጥቁር ካባ ለብሶ፣ አበባ በአንገቱ አጥልቆ ከዘመድ ወዳጅ ጋራ ፎቶግራፍ ይነሣል። ከዚህ ሁሉ መካከል ግን አንድ ነገር አለ፤ እርሱን ማንም አላዘዘም፣ በየቤቱ ግን ይደረጋል። ልጁ ካባውን አውልቆ ለእናቱ ያለብሳታል፤ ቆቡንም በራሷ ላይ ያደርግላታል። ፊደል ያልቈጠረች እናት እንኳ ብትሆን በዚያ ካባ ፎቶግራፍ ትነሣለች። ሰዎች ይህን አይተው ይሥቃሉ፤ አንዳንዶችም ያለቅሳሉ። ነገሩ ግን ጨዋታ አይደለም። የድካሙ ባለቤት ማን እንደ ሆነች ልጁ በሕዝብ ፊት መመስከሩ ነው።

አሁን ደግሞ ቃሉን እንመልከት። በሌላው ዓለም ቋንቋ ትምህርት መጨረስ ደረጃ ከመውጣት ወይም መዓርግ ከመቀበል ጋራ የተያያዘ ስም አለው። በአማርኛ ግን ትምህርቱን የጨረሰ ሰው «ተመረቀ» ይባላል። መመረቅ ደግሞ ሦስት ነገር ነው። አንደኛው ሽማግሌና ወላጅ እጃቸውን ዘርግተው የሚሰጡት ቡራኬ ነው። ሁለተኛው አዲስ ቤት ወይም ድልድይ ለሥራ የሚከፈትበት በዓል ነው። ሦስተኛው በገበያ የሚታወቀው ነው፤ ገዢዋ እህሏ ከተሰፈረላት በኋላ «መርቂልኝ» ትላለች፤ ሻጪቱም ከመስፈሪያው በላይ አንድ እፍኝ ትጨምርላታለች። የተመረቀ ልጅ እነዚህን ሦስቱንም አስተውሎ ቢይዛቸው፣ ዕዳው ምን እንደ ሆነና እንዴት እንደሚከፈል ከስሙ ይማራል።

የመጀመሪያው፣ ቡራኬ ነው። የዘመናዊ ትምህርት ቤት ካባ ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣቱ አስቀድሞ የምርቃት ግብዣ ነበረ። ሕፃን ፊደል ቈጥሮ፣ ንባብ ለይቶ፣ ዳዊት በደገመ ጊዜ ወላጆቹ ድግስ ደግሰው መምህሩን ያከብሩ ነበር። ከዚያም ወዲያ መማር የወደደ ልጅ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ ከአገሩ ወጥቶ ይሄድ ነበር፤ ቅኔ ሊቀኝ ወደ ዋሸራ፣ ድጓ ሊያስመሰክር ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ሊማር ወደ ዙር አምባ። ያን የቆሎ ተማሪ ያስተማረው መምህር ብቻ አልነበረም። ስሙን የማያውቁት ሰዎች ከእራታቸው ቈርሰው ያበሉት ነበር፤ ውሻ ይጮኽበታል፣ የቤቱ እመቤት ግን ቍራሽ ይዛ ትወጣለታለች። እንግዲህ ያ ተማሪ መምህር በሆነ ጊዜ ዕዳው ለወላጁ ብቻ አልነበረም፤ በማያውቃት መንደር ላበላችው ሴት ሁሉ ነበር። ይህንንም ዕዳ የከፈለው እርሱ ደግሞ ሌላውን ልጅ ያለ ዋጋ በማስተማር ነው።

ቡራኬ የሌለበት ትምህርት ምን ያህል መራራ እንደ ሆነ ለማወቅ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ታሪክ ማሰብ ይበቃል። ሐኪም ወርቅነህ በጐንደር የተወለዱ ሲሆኑ፣ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ በወደቀ ጊዜ ገና ሕፃን ነበሩ። ከወላጆቻቸው ተለይተው ቢገኙ አንድ የእንግሊዝ መኰንን ወደ ሕንድ ወሰዷቸው፤ ያም መኰንን ቢሞቱ ሌላው መኰንን አስተማሯቸው፤ ቻርልስ ማርቲን የሚባለውም ስም በዚህ ምክንያት ወጣላቸው። በላሆር የሕክምና ትምህርታቸውን የጨረሱት እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1882 ነው። በዚያ ቀን ግን «እልል» የምትል እናት፣ «እደግ» የሚል አባት አልነበራቸውም። በበርማ በሐኪምነት ከሠሩ በኋላ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ቢመጡ አያታቸው በሰውነታቸው ላይ ባለው ጠባሳ እንዳወቋቸው ይነገራል። ከ30 ዓመት በኋላ የተገኘ ምርቃት ይህ ነበር። እርሳቸውም ያለ ቤተ ሰብ የተማሩትን ትምህርት ለአገራቸው ሕዝብ አዋሉት፤ ሕሙማንን አከሙ፤ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውንም የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይነት ተመለከቱ።

የእኒህ ሰው ታሪክ በዚህ አላበቃም። ሁለቱ ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም በእንግሊዝ አገር ምህንድስና ተምረው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ፋሺስቶች በአዲስ አበባ ሕዝቡን በፈጁ ጊዜ የተማሩትን ወጣቶች እየለዩ ገደሏቸው፤ ከተገደሉትም መካከል እነዚህ ሁለቱ ወንድማማቾች ነበሩ። አባታቸው በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው በለንደን ነበሩ። ብዙ ወላጅ ልጁን ለማስተማር የደከመው ድካም በጥቂት ቀን ውስጥ እንደ ታጨደ ከዚህ ይታወቃል። ዛሬ ልጁን በካባ አጊጦ የሚያየው ወላጅ ሌሎች ወላጆች ያላገኙትን ደስታ ማግኘቱን አይርሳ።

ሁለተኛው፣ የምረቃ በዓል ነው። ቤት ሲመረቅ ሥራው ተፈጸመ ማለት አይደለም፤ ሰው ሊገባበት፣ እሳት ሊነድበት፣ እንግዳ ሊያድርበት ተከፈተ ማለት ነው። ተመርቆ ተዘግቶ የሚቀመጥ ቤት የለም። ኢትዮጵያም ከጠላት ወረራ ነፃ ከወጣች በኋላ የአዲስ አበባን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አቁማ በ1943 ዓ.ም. ትምህርት ያስጀመረችው ባዶ የቀሩትን ወንበሮች የሚሞላ ሰው ፈልጋ ነው። ኮሌጁ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ የገነተ ልዑልም ቤተ መንግሥት ተሰጠው፤ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በዚያ ዘመን የተመረቀ ልጅ ሥራ አይፈልግም ነበር፤ ሥራ እርሱን ይፈልገው ነበር እንጂ። «የተማረ ይግደለኝ» የሚለውም አባባል ሕዝቡ ለተማረ ሰው ያለውን ከበሬታ ያሳያል።

ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቍጥር ከ40 በላይ ሆኗል፤ ጊዜውም ተለውጧል። በአንድ በኩል በሩ ጠባብ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ወደ 900,000 ከሚጠጉ ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ሆኑ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና ስለ ተደነገገ፣ እርሱን ያላለፈ ተማሪ ዲግሪውን አይቀበልም። በሌላ በኩል ይህን ሁሉ በር አልፎ የወጣ ልጅ ወዲያው ሥራ ላያገኝ ይችላል። ከዚህ የተነሣ በብዙ ቤት አንድ ዝምተኛ ኀዘን ይገባል። ድንኳኑ ፈርሶ፣ ዕቃው ወደ እድር ተመልሶ፣ ወሩ በወር ላይ ሲደመር ልጁ ከቤት መውጣት ያፍራል፤ ጎረቤት «ሥራ ያዝህ ወይ?» ብሎ እንዳይጠይቀው ሲመሽ ብቻ ይወጣል። እናትም በልጇ እንዳይከፋበት ጥያቄዋን ትውጣለች።

ስለዚህ ነገር ሁለት ቃል መናገር ያስፈልጋል። ለጎረቤት፤ ሥራ ያላገኘ ምሩቅ ያልተማረ ሰው አይደለምና፣ «ሥራ ያዝህ ወይ?» ከማለት ይልቅ «ና፣ ይህን ልጅ ሒሳብ አስጠናልኝ» ማለት ይሻላል። ለልጁም፤ ቤት የሚመረቀው እንዲከፈት ነውና ራሱን ዘግቶ አይቀመጥ። የጽሕፈት ጠረጴዛ እስኪገኝ ድረስ በእጅ የሚሠራ ሥራ አያሳፍርም። በዚሁ ክፍለ ከተማ ያለው የንፋስ ስልክ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ የሚያስተምረው የእጅ ሥራ ከዩኒቨርሲቲ ትምህርት ያነሰ ክብር ያለው አይደለም፤ ከዚያም የሚመረቅ ልጅ ድንኳንና እልልታ ይገባዋል። አናጢውና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ያልገቡበት ቤት አይመረቅምና።

ሦስተኛው፣ ከመስፈሪያው በላይ የሚጨመረው እፍኝ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ልጅ የሚከፍለው በጽሑፍ የተለካ ዕዳ አለ፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች የወጪ መጋራት ውል እየፈረሙ የትምህርታቸውን ወጪ በከፊል ሥራ በያዙ ጊዜ ከደመወዛቸው እንዲከፍሉ ተደንግጓልና። ይህ በመስፈሪያ የተሰፈረው ነው። ያልተሰፈረው ግን ከዚህ ይበልጣል። በጉልት ሽንኩርትና ቲማቲም ቸርችራ፣ ሌሊት ተነሥታ እንጀራ ጋግራ ሸጣ ያስተማረች እናት ውል አላስፈረመችም። ልጁ ደብተሩን ይዞ ሲቀመጥ ውሃ የቀዳችለት፣ ልብሱን ያጠበችለት እኅቱ፣ ምናልባትም «ለሁለት አይበቃም» ተብሎ የራሷን ትምህርት ያቋረጠችው፣ ሒሳቧን የትም አልጻፈችም። ይህን ዕዳ ሕግ አያስከፍለውም፤ የሚያስከፍለው ኅሊና ብቻ ነው።

«ብድር በምድር» እንዲሉ፣ ይህ ብድር የሚመለሰው እዚሁ በቤት ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ደመወዙን እንደ በኵራት ቈጥሮ ለወላጆቹ የሚሰጥ ልጅ መልካም ልማድ ይዟል፤ ይህ ግን የመጀመሪያው እፍኝ ነው እንጂ የመጨረሻው አይደለም። ከእርሱ የሚበልጠው እኅቱን ወደ ትምህርቷ መመለስ፣ ታናሹን ማስጠናት፣ ሥራ ላይ በተቀመጠም ጊዜ ፊደል የማያውቀውን ባለጉዳይ እንደ ገዛ እናቱ ቈጥሮ ማስተናገድ ነው። በመስኮት ፊት «ነገ ተመለሽ» የምትባለው አሮጊት እርሱን ያስተማረችው ሴት እኩያ ናትና።

በመጨረሻም ለወላጆች አንድ ምክር አለ። ደስታ ይገባል፤ ልጅ ሲመረቅ ያልተደሰተ ቤት መቼ ሊደሰት ነው? ነገር ግን የእቁብን ዕጣ ለድግስ ማዋል፣ ከዘመድ ተበድሮ በግ ማረድ፣ «እገሌ እንዲህ ደገሰ» ተብሎ ከጎረቤት ጋራ መወዳደር፣ ልጁ ሥራ ሳይዝ ቤቱን ባለዕዳ ያደርጋል። ያም ዕዳ ተመልሶ በልጁ ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ «ለአንተ ብለን» የሚለው ቃል ከተነገረ በኋላ ምርቃቱ ሸክም ይሆናል። ዳቦና ቡና፣ ቄጤማና የሽማግሌ ቃል ለምርቃት ይበቃሉ። የተረፈው ገንዘብ የሥራ መሣሪያ ይግዛበት፤ ወይም የታናሽቱ የትምህርት ቤት ክፍያ ይሁን።

እንግዲህ በሚመጣው ክረምት በዚህ ሠፈር ድንኳን በተተከለ ጊዜ፣ ሽማግሌዎች ተነሥተው «እደግ፤ ተመንደግ፤ የተማርከው ለቁም ነገር ያብቃህ» ይላሉ። ልጁም አንገቱን ዝቅ አድርጎ «አሜን» ይላል። በዚያን ጊዜ ምን እንደ ተቀበለ ይወቅ፤ ቡራኬውን ተቀብሏል፣ እንግዲህ ለሌላው ያስተላልፈው፤ እንደ ቤት ተከፍቷል፣ እንግዲህ ሰው ይግባበት፤ ሳይለካ ተሰጥቶታል፣ እንግዲህ ሳይለካ ይስጥ። እግዚአብሔር የተማሩትን ልጆች ለወላጆቻቸው ደስታ፣ ለአገራቸውም ጥቅም ያድርጋቸው። በመማር ላይ ያሉትንም ለዚያ ቀን ያድርሳቸው። አሜን።