የፒፕ እጅ


ልብ ወለድ ስናነብ «ምን ሆነ?» ማለት ብቻ አይበቃንም፤ «ይህ ነገር ስለ ምን ተደጋግሞ መጣ?» ብለንም ልንጠይቅ ይገባናል። ለምሳሌ እንግሊዛዊው ቻርልስ ዲክንስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1860 እና በ1861 በየሳምንቱ በመጽሔት ያወጣውን «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» እንመልከት።

ፒፕ በአንጥረኛው በጆ ቤት ያደገ ልጅ ነው። በባለጸጋ ቤት ያደገችው ኤስቴላ እጁ ሻካራ ነው ብላ ናቀችው። ከዚያች ቀን ጀምሮ በእጁም፣ በጆም፣ በቤቱም አፈረ። ለንደን ሄዶ ጌታ ከሆነ በኋላ፣ ገንዘቡን የሰጠው ማግዊች የተባለ ወንጀለኛ መሆኑን ሲያውቅ የሰውየውን እጅ ተጸየፈ። በመጨረሻ ግን ማግዊች በፍርድ ቤት ሲቆም ያንኑ እጅ ይዞ አጠገቡ ቆመ። ፒፕ ራሱ በታመመ ጊዜም ያስታመመው የጆ እጅ ነው፤ ዕዳውንም ከፈለለት።

የሚስ ሃቪሻም ሰዓቶች ግን ሙሽራው በከዳት ቀን፣ ለሦስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ላይ እንደ ቆሙ ቀሩ። እርስዋ በቂም ስትቆም ፒፕ በፍቅር አደገ።

እንግዲህ ማደግ ማለት ልብስንና አነጋገርን መለወጥ ሳይሆን የሠራተኛን እጅ ማክበር መሆኑን ደራሲው በእጅ ምሳሌነት ያስተምረናል። በአገራችንም ማረሻውን የሚሠራልን ሰው «ቀጥቃጭ» እየተባለ ሲናቅ ኖሯል። እኛስ ተምረን ወደየቤታችን ስንመለስ የአባቶቻችንን እጅ በምን ዓይን እናየው ይሆን?